መጽሐፉ ካልመጣ እኔ እመጣለሁ

በዚህ አገር የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ተማሪን የሚያህል ሙጭጭ ያለ ፍጡር የለም።

የሕግ ተማሪ ክረምት ሲገባ ሕዝብ ላገልግል ብሎ ይመጣል። ነጻ ምክር ይሰጥሃል፤ ምክሩን ተከትለህ ከወንድምህ ጋር ትጣላለህ፤ እሱ ግን ሄዷል። የጤና ተማሪ ደም ግፊትህን ይለካል፣ ጨው ቀንስ ይልሃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። የግብርናው ችግኙን ይተክልና ለፍየል ትቶልህ ይሄዳል። የቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ነው የማይሄደው። ቤትህ ገብቶ፣ ቁም ሳጥንህን ከፍቶ፣ «ይኼ ለምን እዚህ ተቀመጠ?» ይልሃል። መልስ እስክትሰጠው ድረስም ቆሞ ይጠብቃል።

እናንተም ሳታገኙት አልቀራችሁም፤ በየከተማው አለ። ደረቱ ላይ «ንባብ ለሁሉም» የሚል ቲሸርት ለብሶ፣ ካርቶን ተሸክሞ፣ ማንም ያልጠየቀውን ነገር ለሰው ሁሉ ሊያድል የተላከ ምስኪን ነው። ስትስቁበት አይሰማም። ስትቆጡት ደግሞ፣ «የትኛውን ዓይነት መጽሐፍ ይወዳሉ?» ብሎ ይጠይቃችኋል።

ለእኛ ለላሊበላ ሰዎች የደረሰችን መቅደላዊት ነበረች። በሙሉ ማዕረጓ ልጥራት፦ ክብርት መቅደላዊት አራጋው፣ የወገል ጤና ተወላጅ፣ የካርቶን ሁሉ እመቤት፣ የመደርደሪያ ሁሉ ጠባቂ። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ረጅም ነው። ከሄደች ወዲህ ከተማው ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታውን እኔ አልወደድሁትም።

የመጣች ዕለት መጀመሪያ ያገኘችው እኔን ነው። ከፋለ እባላለሁ፤ ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። ቱሪስት ሲኖር አስጎብኚ ነኝ፤ ቱሪስት ሲጠፋ ደግሞ ደመቀች ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጬ መንገድ የማይ ሰው ነኝ። ያን ጊዜም መንገድ የማይበት ጊዜ ነበር። ከጋሸና የመጣ ሚኒባስ ቆመና ካሜራ ያንጠለጠሉ ወጣቶች ወረዱ። እንግዳ መጣልኝ ብዬ፣ ሸሚዜን አስተካክዬ፣ የለመድሁትን የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር በእንግሊዝኛ ጀመርሁ። አንዲት አጭር ልጅ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ካርቶን እያወረደች፣ «ጋሼ፣ ንግግሩ ይደርሳል፤ በዚያ በኩል ይያዙልኝ» አለችኝ። ያዝሁላት። ወገቤን እስካሁን ያመኛል።

ጓደኞቿ ጥቂት ቀን ሰነበቱ፤ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ፎቶ ተነሡ፤ ባነራቸውን ጠቅልለው ሄዱ። እሷ ግን፣ «ልምምዴን የምጨርሰው እዚሁ ነው» ብላ ቀረች። የሚያስቀራት ምን አገኘች? ብለን ተደነቅን። ሆቴሎቹ ባዶ፣ እኛ ሥራ ፈት፣ ትምህርት ቤቶቹ በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጽሐፋቸው ተበትኖ የቀሩ። እሷ ይኼን ሁሉ አይታ፣ «አቤት ሥራ!» አለች። ምግብ የቀረበላት ነው የምትመስለው።

ቀበሌው ድሮ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ችሎት የነበረ ክፍል ሰጣት። ክፍሉ ውስጥ ተከሳሽ የሚቀመጥበት አግዳሚ ነበር፤ እሷ የአንባቢ ወንበር አደረገችው። ገጠሬው ግን ያን ክፍል የሚያውቀው በክስ ነው። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ በሩ ላይ ይቆምና ጋቢውን አስተካክሎ፣ «ማን ከሶን ነው?» ይላል።

«ማንም አልከሰሳችሁም አባቶቼ። ቁጭ በሉና አንብቡ» ትላለች።

«ምን አጥፍተን?»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው ለመደ። ማዳበሪያ ስንት እንደሚደረግ፣ ለታመመ በግ ምን እንደሚሰጥ ሊጠይቋት ይመጣሉ። እሷ አትነግራቸውም። መጽሐፉን አውጥታ፣ ገጹን ከፍታ፣ ማንበብ የሚችል አንዱን ከመካከላቸው ታስነሣና ለሌሎቹ ታስነብበዋለች። አንብቦ የጨረሰው ሰው ሲወጣ አረማመዱ ይለወጣል። ወረዳ ድረስም ሄዳ፣ «ቅዳሜና እሑድ የሚዘጋ ቤተ መጻሕፍት ለገበሬ ምኑ ነው?» ብላ ተሟግታለች። አሸነፈች አሉ። እኔ ግን ደክሟቸው ይመስለኛል።

ከአፏ የማይጠፋ አንድ ቃል ነበራት፤ «ያለ ቦታው የተቀመጠ ነገር የጠፋ ነገር ነው።» ለመጽሐፍ የተባለ ነው፤ እሷ ግን ለሁሉም ታውለዋለች። ደመቀች ሻይ ቤት ገብታ ስኳሩንና ሳሙናውን አለያየችው። ደመቀች ከቤቴ ፊት ለፊት ሻይና አምባሻ የምትሸጥ፣ ማንም ዕቃዋን እንዲነካባት የማትወድ ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ መቅደላዊት እኔ ቤት መጣች። ያለኝን መጽሐፍ ላይ ብላ ገብታ፣ ቤቱን ሁሉ ደርድራ ወጣች። ከዚያ ወዲህ መነጽሬን ማግኘት አቃተኝ። ድሮ የሚጠፋብኝ ሁልጊዜ እዚያው አንድ ቦታ ነበር።

ሆቴሎቹንም አንድ በአንድ ዞረቻቸው። ፈረንጅ ትቷቸው የሄዳቸው መጻሕፍት እንዳሉ ሰምታለች። በጀርመንኛ ስለ ወፍ የተጻፈ አለ፤ በጃፓንኛ ስለ ምን እንደተጻፈ ማንም የማያውቀው አለ። አንዱ የሆቴል ባለቤት አልሰጥም ብሎ ተከራከራት።

«እንግዳው ተመልሶ ቢመጣና መጽሐፌስ ቢለኝ፣ ምን ልለው ነው ልጄ?»

«ተመልሶ ቢመጣ ደስ አይልዎትም?» አለችው።

ሰውዬው ባዶውን የእንግዳ መቀበያ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ መጽሐፎቹን በከረጢት አድርጎ ሰጣት። እኔም አብሬያት ነበርሁና ወደ ውጭ ዞር አልሁ።

እንግዲህ ችግሩ የጀመረው ሰው መዋስ ሲጀምር ነው። መዋስ አይደለም ችግሩ፤ መመለስ ነው። በእኛ አገር ያዋሱት ነገር ይዞራል። አንዱ የድንች መጽሐፍ ወሰደ፤ ለአማቹ ሰጠው፤ አማቹ ለክርስትና ልጁ አባት ሰጠው፤ ሰውየው ጋሸና ገበያ ይዞት ሄዶ እዚያ ላለች እኅቱ ተወላት። መቅደላዊት ስትጠይቅ ሁሉም በቅንነት፣ «አለ እኮ፣ በደኅና ሰው እጅ ነው» ይሏታል። መደርደሪያው ሳሳ። እሷም ከሳች።

በዚህ መሐል ነው እኔ ስለ ብራና መጻሕፍት የነገርኋት። ለቱሪስት የምነግረውን ነው የነገርኋት። አባቶቻችን መጽሐፍ አስጽፈው ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡ መጨረሻው ላይ ግዝት ያስጽፉበታል፤ ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ የሰወረ፣ የፋቀ ውጉዝ ይሁን ይላል። ስነግራት ዓይኗ በራ።

«ጋሽ ከፋለ፣ ይኼ እኮ የውሰት ደንብ ነው» አለችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ አገር በዚህ አይቀለድም» አልኋት።

«እኔ አልቀለድሁም።»

እውነቷን ነው፤ ቀልድ አታውቅም። ተቀምጣ በየመጽሐፉ ጀርባ በዚያ በቆንጆ እጅ ጽሕፈቷ ጻፈችው፤ «ይህን መጽሐፍ ወስዶ ያልመለሰ ወይም የፋቀ ውጉዝ ይሁን።» ይኼም አልበቃት። ቅዳሜ የሰፈራችንን ልጅ የዘውገን ባጃጅ ተከራይታ፣ ሞንታርቦ ጭና፣ ገበያውን እየዞረች፣ ግዝቱ ቀድሞ የወጡትንም መጻሕፍት እንደሚመለከት አወጀች። በግ የሚያስማማው ሰው እጁን ከበጉ ጀርባ ላይ አነሣ።

ጉድ የመጣው በማግስቱ ነው። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ችሎቱ ክፍል ተመመ። መጻሕፍቱ ሁሉ ተመለሱ፤ የድንቹ መጽሐፍ ሳይቀር ከጋሸና በጭነት መኪና መጣ። መጽሐፉ ብቻ ቢሆን ምን ነበር። አንዲት ባልቴት ከሟች እናቴ ተውሳ ያስቀረችውን ወንፊት አመጣች። ሌላው ገመድ ይዞ መጣ፤ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «አላውቅም፤ ብቻ የእኔ አይደለም» አለ። በሩ ሥር ደግሞ በዚያ ክፉ ጊዜ ከትምህርት ቤት የጠፋው ሉል፣ መቆሚያው ተሰብሮ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ። ማን እንዳስቀመጠው አልታወቀም፤ እኛም አልጠየቅንም።

መቅደላዊት በደስታ ሰከረች። ደስታዋ ግን ሳምንት አልሞላም። መደርደሪያው ሞላ፤ ክፍሉ ባዶ ሆነ። የተገዘተ መጽሐፍ ማን ደፍሮ ይነካል? ቤቱ ቢያንጠባጥብበትስ? ልጅ ቢቀድበትስ? ሰው በበሩ ሲያልፍ እያማተበ ያልፋል። አንዲት አሮጊት በሩን ስመው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ አረጋ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስብሰባ ይወዳል እንጂ።

«መቅደላዊት፣ መጽሐፍሽ ሞልቷል፤ ሰው የለም። ማዳበሪያው ደግሞ ቦታ አጥቶ ዝናብ እየመታው ነው። ፍልሰታ እስክትፈታ አንባቢ ካልመጣልሽ ክፍሉን ለማዳበሪያ አደርገዋለሁ» ብሏት ሄደ።

ስገባ የተከሳሹ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ያቺ ዕቃ ሁሉ ላይ የምትጮህ ልጅ እንባዋ ይወርዳል።

«ጋሽ ከፋለ፣ ሰው መጽሐፍ እንዲፈራ ነው እስካሁን የለፋሁት?» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። «አብሽሪ፤ ያሰረ ካለ የሚፈታ አይጠፋም» ብዬ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ ቄስ በእውቀቱ ይዣት ሄድሁ።

ቄስ በእውቀቱ ነገሩን ሰምተው ለረጅም ጊዜ ጢማቸውን አሻሹ። «ልጄ፣ ግዝት እንደ ተናካሽ ውሻ ነው» አሉ። «ሌባውን ያባርርልሻል፤ እንግዳውንም ያባርርብሻል።»

«ምን ላድርግ አባ? ይፍቱልኝ።»

«አንቺ ካህን አይደለሽም፤ ቃልሽ ማንንም አላሰረም። ሕዝቡ ነው ራሱን ያሰረው። ሂጂና የጻፍሽውን ፋቂው።»

መቅደላዊት ደነገጠች። «አባ፣ የፋቀም ይላል እኮ።»

ቄስ በእውቀቱ እስኪያነቡ ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። እሷ አልሣቀችም፤ ታስባለች። በመጨረሻ፣ «አልፍቀውም፤ እሸፍነዋለሁ» አለች። ያን ሳምንት ወረቀት እየቆረጠች፣ ሙጫ እየቀባች፣ በየግዝቱ ላይ ለጠፈችበት። ባዶ ወረቀት ግን መተው አይሆንላትም። በላዩ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «መጽሐፉ ካልመጣ እኔ እመጣለሁ። መቅደላዊት።»

ቅዳሜ ቄስ በእውቀቱ ጸበል ይዘው መጡ። ገበያተኛው ተከትሏቸው በሩን ሞላው። ጸበሉን ወደ መደርደሪያው ሊረጩ እጃቸውን ሲያነሡ መቅደላዊት መሐል ገባች። «አባ፣ በሞቴ፣ ሰውን ይርጩ፤ ወረቀት ውኃ አይችልም» ብላ ላስቲክ ዘረጋችበት። በላስቲኩ ላይ አንድ ጊዜ፣ በእኛ ላይ ደጋግመው ረጩ። እኔ እስከ ሸሚዜ በሰበስሁ። ከዚያ አባ ከንብ ማነብ መጻሕፍቱ አንዱን አንሥተው በብብታቸው ያዙ።

«እንግዲህ እኔ ወስጃለሁ። ባልመልሰው ማን ይመጣብኛል?» አሉ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

«እኔ እመጣለሁ» አለች።

«እንግዲያው ጠላ ይጠመቅና አልመልስም።»

ሰው ሣቀ። ግዝቱ የተፈታው በጸበሉ ይሁን በሣቁ እንጃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ተሻምቶ ወሰደ። እኔ ስደርስ የቀረው ስለ ዶሮ እርባታ ነበር። ዶሮ የለኝም አልኋት። «የሚያውቁትንማ ያውቁታል፤ የማያውቁትን ይውሰዱ» ብላ ሰጠችኝ።

ፍልሰታ ስትፈታ አቶ አረጋ ክፍሉን ሊያይ መጣ፤ ቦታ አጥቶ ቆሞ አነበበ። ሲሄድ «ስብሰባ እንዴት ይመራል» የሚል መጽሐፍ ተውሶ ሄደ። ስብሰባው አላጠረም።

እሷ ቃሏን የምትጠብቅ ናት። ቀኑ ያለፈበት መጽሐፍ ካለ ትመጣለች። ወደ አሸተን አቀበት አንዱን ገበሬ ፍለጋ ወጥታ፣ ማር ተሸክማ ያለ መጽሐፉ ተመለሰች፤ «ስለ ንቦቹ ንግሥት የሚለውን ገና አልጨረሰም፤ ምን ላድርገው?» አለችኝ። ቤት ስትገባ መጽሐፉን ትጠይቃለች፤ መጽሐፉ እስኪፈለግ ትቀመጣለች፤ ስትቀመጥ የታመመውን ታያለች፣ ትምህርት ያቋረጠችውን ልጅ ትሰማለች፣ ነገ የት ቢሮ መሄድ እንዳለባት ታውቃለች። መጽሐፉ ሰበብ ሆነ። ሰውም ይኼን ሳያውቀው አልቀረም። ስትመጣ ደኅና ምሳ የሚቀርብባቸው ቤቶች መጽሐፋቸው ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር።

ከሁሉ በላይ የምትመላለሰው ደመቀች ዘንድ ነው። ደመቀች ፊደል አልቆጠረችም ነበር። መቅደላዊት ሻይ ቤቱ ሲቀዘቅዝ አጠገቧ ተቀምጣ፣ የልጆች የተረት መጽሐፍ ይዛ፣ ጣቷን በጣቷ ይዛ አስነበበቻት። ስለ አንድ ስግብግብ ጅብ ነው ተረቱ። ደመቀች አንድ መስመር አንብባ ስትጨርስ ላብ ያጠምቃታል፤ ሻዩንም ለደንበኛው በነጻ ትሰጣለች። እኔ ቢያንስ ለዚህ ስል ብዙ ቀን ሄጄላታለሁ።

ከዚያ ልምምዷ አለቀ። ሄዳ ትምህርቷን መጨረስ አለባት። ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። «ተመርቄ እመጣለሁ ጋሽ ከፋለ። ክፍሉን ብቻ እንዳይወስዱብኝ ይጠብቁልኝ፤ ክፍሉ ከሌለ የምመጣበት ምክንያት አይኖረኝም» አለችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ እንኳ በመስኮት፣ «ያለ ቦታው እንዳያስቀምጡ» ትላለች። ቲሸርቷ ታጥቦ ታጥቦ «ንባብ» የሚለው ጠፍቶ «ለሁሉም» ብቻ ቀርቶ ነበር።

መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሳምንት ይዘጋል። ገና መጣ፤ ከተማው በምእመን ተሞላ፤ እሷ የለችም። ፋሲካም አለፈ። ስልኩ ሲሠራ ትደውላለች፤ ብዙ ጊዜ አይሠራም። እኔ በየቅዳሜው ክፍሉን እከፍታለሁ። ሰው ይመጣል፣ ያነባል፣ ይዋሳል። የሚመልስ ግን እየቀነሰ ሄዶ ጭራሹኑ ጠፋ። መደርደሪያው እያየሁት ባዶውን ቀረ። ጀርመንኛውና ጃፓንኛው ብቻ ቀሩ።

አቶ አረጋ ይኼን ሰማ። መጥቶ አየ። «ጋሽ ከፋለ፣ ያን ጊዜ መጽሐፍ ሞልቶ ሰው አልነበረም፤ አሁን መጽሐፉም የለም። ባዶ ክፍል ይዘን ማዳበሪያውን ዝናብ አይመታውም። ቅዳሜ መጽሐፍ ካላየሁበት ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ።

ክፍሉ ከሄደ ልጅቷ ሄደች። ከቤት ቤት እየዞርሁ ለመንሁ፣ ተቆጣሁ። ሁሉም በደኅና እጅ ነው ይሉኛል። መጨረሻ ደመቀች ላይ ደረስሁ። የጅቡ መጽሐፍ ከስኳሩ ዕቃ ጎን፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

«አንቺ ሴት፣ ይኼን እንኳ መልሺ። ክፍሉን ሊወስዱብን ነው» አልኋት።

«አልመልስም።»

«ለምን?»

ብርጭቆ ማጠቧን አላቆመችም። «አንተ ከፋለ፣ እኔ ከመለስሁ ልጅቷ በምን ትምጣ?» አለችኝ።

ደመቀች ቀጠለች፤ «ጅቡ ገደል አፋፍ ላይ ነው ያለው። እዚያ ድረስ ነው ያስነበበችኝ። ልጆቹ እናንብብልሽ ይሉኛል፤ እምቢ እላቸዋለሁ። ከእሷ ጋር ነው የምጨርሰው። ካልመጣ እመጣለሁ ብላለች፤ ጽፋዋለች። አንተስ የዶሮውን መለስህ?»

አልመለስሁም። ዶሮ የሌለኝ ሰው ከደጃፌ ተቀምጬ ፈንግል መቼ እንደሚከተብ፣ ጫጩት ምን ያህል ሙቀት እንደሚፈልግ በቃሌ ወጥቼዋለሁ። ለምን እንደማልመልሰው ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለካ ከተማው በሙሉ አንድ ሥራ ላይ ነው። ቄስ በእውቀቱም ማሩን ከቆረጡ ከርመዋል፤ መጽሐፉ ግን ቤታቸው ነው። ከአሸተን እስከ ጋሸና መንገድ ድረስ ሰው ሁሉ አንድ አንድ መጽሐፍ ይዞ ልጅቷን ይጠብቃል።

ቅዳሜ አቶ አረጋ መጣ። ባዶውን መደርደሪያ አየ፣ እኔን አየ።

«መጽሐፍ የለም» አልሁት። «ሁሉም ሰው እጅ ነው። አንድም ሰው አይመልስም። ምክንያቱን ደመቀችን ጠይቃት።» ቀጠልሁና፣ «ግን እንደ ሕጉ ከሆነ፣ ክፍሉን ከመዝጋታችን በፊት ያንተን መጽሐፍ መልስ» አልሁት።

አቶ አረጋ ባርኔጣውን አውልቆ አየው፣ መልሶ አደረገው።

«የስብሰባውን ነው?» አለ።

«የስብሰባውን።»

«እኔ እንኳ… ወዲያው ልመልሰው አስቤ ነበር» አለና የተከሳሹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። «ቤቴ መጥታ የምትቆጣኝ መስሎኝ ነው ያቆየሁት። ባለቤቴም መቼ ነው የምትመጣው እያለች ትጠይቀኛለች።» ሲነሣ ወደ እኔ አላየም። «ለማዳበሪያው ሌላ ቦታ ይፈለግለት» ብሎ ወጣ።

ትናንት ደወለች። ደመቀች ቤት ነበርሁ። ተመርቃለች። ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አለ ብሏታል፤ ደኅና ሥራ ነው አለችኝ። ድምጿ ግን ደኅና አልነበረም። እንኳን ደስ ያለሽ አልኋት። ናፍቀሽናል ማለቱን ግን ተውሁት።

«ክፍሉ አለ ጋሽ ከፋለ?»

«አለ።»

«መጽሐፎቹስ?»

«አንድም አልተመለሰ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልሁ።

«አንድም?» አለች። ያ ረጅም ድምጿ ተመልሷል።

«አንድም። ሊቀ መንበሩም አልመለሰ፤ ቄስ በእውቀቱም አልመለሱ፤ ደመቀችም እምቢ ብላለች።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ገና ነኝ። ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል የጀመሩት አሁን ነው» አልኋት፤ ዶሮ እንደሌለኝ ታውቃለች።

ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁትም። ከዚያ እንደ ድሮዋ ቆጣ ብላ፣ «እንግዲህ ጽፌላችኋለሁ፤ መጽሐፉ ካልመጣ…» ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አልገባም አለ።

«ምን አለች?» አለችኝ ደመቀች።

የሰማሁትን ያህል ነገርኋት። ደመቀች እጇን በሽርጧ አደረቀች። የጅቡን መጽሐፍ ከጨርቁ አውጥታ፣ ገደሉ አፋፍ ያለበትን ገጽ ከፍታ አየችውና፣ ከድና መልሳ ሸፈነችው። እኔም ወንበሬን ወደ በሩ አወጣሁና ከጋሸና የሚመጣውን መንገድ ማየት ጀመርሁ።